ይኼ የት ነው?

እናቴ ፎቶግራፍ ስታይ መነጽር አታደርግም። ፎቶውን ክንዷ እስከሚዘረጋበት ድረስ ታርቀውና አንገቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ነው የምታየው። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. አንድ ረቡዕ ምሽት፣ ጀሞ ባለው ቤቷ ሳሎን ቁጭ ብለን፣ አሳትሜ ያመጣሁላትን አርባ ያህል ፎቶ በዚሁ ልማዷ አንድ በአንድ እያራቀች ትመለከት ነበር። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። የማታውቃቸውን ሰዎች የሠርግ አልበም አገላብጪ ተብላ እንደተሰጣት እንግዳ፣ በትሕትና ብቻ ነው የምታየው። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ በር፣ ከፊቱ ድንጋይ የተነጠፈበት መተላለፊያ፣ ከላይ የዛገ ቆርቆሮ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት እሱን ነበር።

«ይኼ የት ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የገባችበትንና የወጣችበትን፣ እኔን ወልዳ ያሳደገችበትን ቤት በር ነው «የት ነው?» ያለችኝ።

«እማዬ፣ ቤታችን እኮ ነው!»

እንደገና አራቀችው። «በሩስ በራችን ይመስላል» አለች። «ሰፈሩ ግን የኛ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግሁ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ኮንዶሚኒየም ደርሶን የቀበሌ ቤታችንን አስረክበን የወጣነው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በጋዜጠኝነት ያገኘሁትን ዲፕሎማ ይዤ ለአንዱ መጽሔት አንድ፣ ለሌላው ሁለት ጽሑፍ እያቀረብኩ እኖራለሁ። ከጽሑፌ ጋር የሚወጣውን ፎቶ የሚያነሳልኝ ሰው ስለማልቀጥር ካሜራም በዚያው በእጄ ገባ፤ ገብቶም ሱስ ሆነብኝ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ፒያሳ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሊነሳ መሆኑ ተሰማ። እኔም ካሜራዬን አንግቤ ሄድኩ። ታሪክ ላስቀር ነው፤ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነበር።

የደረስኩት ማክሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ያለኝን ሰፊ ሌንስ ገጠምኩ። መቼም ጉራንጉር ውስጥ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ የለም፤ ሰፊ ሌንስ ካልሆነ በሩም ግድግዳውም አይገባም ብዬ ነው። ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ውሃ የተሸከመ ሰው ሲመጣ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። በር ላይ የቆመ ካለ «ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይሉልኛል?» እላለሁ። አንድ ትንሽ ልጅ ከሰማያዊው በር ፊት ተገትሮ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ፣ ደረቱ ላይ በጣቴ ጠቆም አድርጌ «ዞር በል እስቲ ማሙሽ» ብዬዋለሁ። ግድግዳውን ነው የፈለግሁት። የተላጠውን ቀለም፣ ጭቃው ውስጥ ጎልቶ የወጣውን ጭድ፣ የተጣመመውን ማጠፊያ። ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው የተላጠ ግድግዳ ሲያይ ምራቁን እንደሚውጥ የዕደ ጥበቡ ሰዎች ያውቁታል።

አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ለማነው የምታነሳው?» አለኝ። ካሜራ የያዘ ሰው በኛ ከተማ ይኼ ጥያቄ አይቀርለትም።

«ለማንም። ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ እኛን ለምን አታነሳንም?»

ሳቅሁ፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጌው አለፍኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ አንስቼ ወደ ቤቴ ስመለስ የረካሁትን እርካታ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወደ እናቴ ሳሎን ልመለስ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳችና ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮዋን አመጣች። የቤተሰባችን ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጉርድ ፎቶዎች፣ የሟች መታሰቢያ፣ ፎቶ ቤት ሄዳ ከአባቴ ጋር የተነሳችው፤ ከጀርባቸው ሐይቅና ዛፍ የተሣለበት መጋረጃ አለ። ፈላልጋ አንዱን አወጣች። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ፋሲካ 1985 ዓ.ም.» ይላል። በዓውደ ዓመት ካሜራቸውን አንግተው በየሰፈሩ እየዞሩ ከሚያነሱት አንዱ ያነሳው ነው። እንደ ፎቶ ከታየ ምስኪን ነው። ዘሟል፤ የእናቴ ሻሽ ጫፉ ተቆርጧል፤ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ አዲስ ጫማዬን ብቻ ነው የማየው። ደጃችን ላይ ነው የቆምነው። በቀኝ በኩል የውሃ በርሜላችን ግማሹ አለ። በግራ በኩል ደግሞ ከፎቶው ጠርዝ አንድ ክንድ ብቻ ወጥቶ ይታያል፤ በነጠላ የተሸፈነ ሳህን የያዘ ክንድ። ባለቤቷ የለችበትም። ከፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ከራሳቸው በር ሆነው ሳህኑን እኛ በር ላይ እያቀበሉ ነው።

«ይኼውልህ» አለች እናቴ። «ሰፈራችን ይኼ ነው።»

ያን ክንድ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ግን የዚያን ዕለት ነው። እትዬ ከደጃቸው ሳይወጡ እኛ ደጅ ላይ ሳህን ያቀብሉ ነበር። የመተላለፊያው ስፋት አንድ ክንድ ነው ማለት ነው። ሰው እዚያ ሰፈር ያለ ጎረቤቱ ፈቃድ ሊጣላም፣ ሊጾምም፣ ሊያኮርፍም የማይችለው በዚያች አንድ ክንድ ምክንያት ነበር። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ሰፊ ሌንስ ቅርቡን አርቆ፣ ሩቁን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። በሱ አንስቼ ክንድ የማይሞላውን መተላለፊያ ጋሪ የሚያስኬድ መንገድ አስመሰልኩት። እናቴ ቤቷ የጠፋት ወዳ አይደለም።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ቆሜ ነው ያነሳሁት፤ ያውም ቁመተ ረጅም ነኝ። እናቴ ሰፈሩን የምታውቀው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ቡና ስታፈላ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ። ከዚያ ሲታይ ሰማዩ በሁለት ቆርቆሮ መሀል ያለ ቀጭን ክር ነው። ደግሞ የጋራ ማዕድ ቤቱን ያነሳሁት ካሜራው ራሱ ብርሃኑን እንዲመጥን ትቼው ነው። ካሜራ ጨለማ ያየ እንደሆነ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ያፈካዋል፤ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ሃያ ስድስት ዓመት በጢስ ዓይኗን ያሻሸችበት ክፍል በኔ ፎቶ ላይ የቢሮ ኮሪደር መስሎ ወጣ።

ሊፈርስ ያለ ሰፈርን ፎቶ ማንሳት መቼም የኔ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፓሪስ በባሮን ኦስማን ዕቅድ ስትፈርስና ስትሠራ፣ የከተማዋ አስተዳደር ሻርል ማርቪል የተባለውን ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈርሱትን መንገዶች እንዲያነሳ አድርጎ ነበር። ቶማስ አናን የተባለ ስኮትላንዳዊም ከ1868 እስከ 1871 የግላስጎውን የድሆች ጉራንጉሮች ከመፍረሳቸው በፊት አንስቷል። በዘመናችንም ሚካኤል ጸጋዬ የምትፈርሰውንና የምትሠራውን አዲስ አበባ አንስቷል። የማርቪልን መንገዶች ያየ ሰው ከተማዋን ወረርሽኝ የገባባት ያህል ጭር ብላ ያገኛታል። በአናን ጉራንጉሮች ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ ሰው እንደ ጢስ ደብዝዞ፣ መልኩ ሳይለይ ግድግዳው ሥር ይታያል። የዚያን ጊዜ ካሜራ ምስል ለመያዝ ሰከንዶች ይፈጅበት ስለነበር የተንቀሳቀሰ ሰው አይያዝለትም። የእነሱን ሰዎች ያጠፋው የካሜራው ዝግታ ነው። የኔ ካሜራ ግን ከሰከንድ አምስት መቶኛው ይበቃዋል፤ ሰዎቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።

እኛ ሀገር ልማዱ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከአጼ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከአርመናዊው ከቤድሮስ ቦያጂያንና አባታቸውን ከተኩት ልጆቻቸው ጀምሮ ፎቶ ማለት ሰው ማለት ነው። የሰፈራችን ሰው ጭቃ ረግጦ ፎቶ ቤት ይሄድና ጫማውን ጠርጎ ሐይቁ ፊት ይቆማል። ሰው ይቀራል፣ ስፍራ ይጠፋል። ሰፈራችንን ያስቀረልን እንግዲህ መጋረጃ ተሸክሞ መዞር ያልቻለው ያ የፋሲካ ፎቶ አንሺ ነው፤ እሱም ሳያስበው።

እናቴን «ይናፍቅሻል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እትዬ ይናፍቁኛል» አለች። «ሽንት ቤቱን ማን ይናፍቀዋል? ክረምት ሲገባ ሞልቶ ደጃችን ድረስ ሲመጣ አንተ ሕፃን ነበርክ፤ አታውቀውም። አሁን ግድግዳው አማረህ አይደል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ሰፊውን ሌንስ እቤት ትቼ ተራውን ሃምሳ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የያዝኩት። ሰፈሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ከቦኖው ውሃ የቀዱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ ያልፋሉ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከየበሩ ዕቃ ይወጣል። ሰማያዊው በር ላይ በኔ ዕድሜ የምትገመት ሴት ተቀምጣ ሲኒ በጋዜጣ ትጠቀልላለች፤ የማክሰኞው ልጅ አጠገቧ ነው።

ገና ሳየኝ ልጁ እናቱ ጀርባ ተሸጎጠ።

«ትናንት ወዲያ በሩን ስታነሳ የነበርከው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። «ልጄን ዞር በል ያልከው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እዚህ ቤት ነው የተወለድኩት።»

ትንሽ አየችኝና በእግሯ በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። «ተቀመጥ እንግዲያ፤ ቆመህ መንገድ አትዝጋ።»

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ሃያ ሦስት ፎቶ ነው ያነሳሁት። የጋራ ቆጣሪው ሥር ማን ስንት እንደከፈለ በጠመኔ የተጻፈውን። ፊት ለፊት ካለው በር ወጥቶ የሻይ ብርጭቆ የሚያቀብላትን ክንድ፤ አዎ፣ ሌላ ክንድ ነው፣ መተላለፊያው ግን ያው ነው። ልጁ ሲኒዎቹን ሲቆጥር፣ ስድስተኛውን አጥቶ እንደገና ሲጀምር። ትጠቀልልበት ከነበረው ጋዜጣ አንዱ እኔ የጻፍኩበት ነበር። አልነገርኳትም፤ ስሜ ሲኒ ላይ ሲጠቀለል ማየት ግን ያስቃል። ጥላውን ጥላ እንዲሆን ተውኩት፤ ማዕድ ቤቱ በጨለማው ውስጥ ከነአራት ምድጃው ታየ።

ከመነሳቴ በፊት «ያንተን ፎቶ ለኛስ አታመጣልንም?» አለች።

«ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ቅዳሜ እዚህ ላንኖር እንችላለን። ስልኬን ያዝ።»

በዚያች ቅጽበት ፀሐይ በሁለቱ ቆርቆሮ መሀል ገብታ ማዕድ ቤቱ ደጃፍ ላይ አረፈች። ካሜራዬን አነሳሁ። «ግድ የለም፣ ቅዳሜ በጠዋት እደርሳለሁ፤ አታስቢ» አልኳት፤ ወደ እሷ ዞሬ እንኳ አላየሁም።

ቅዳሜ በጠዋት ደረስኩ። ዓርብ ማታ በአይሱዙ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። ወዴት ብዬ ብጠይቅ አንዱ ኮንዶሚኒየም አለኝ፣ ሌላው ዘመድ ጋ፣ ሌላው አላውቅም። ሰማያዊውን በር ከነመቃኑ ነቅለው ወስደውታል። የቀረው ክፍት አራት ማዕዘን ነው። ያን ስፍራ ዛሬ ሄጄ ብፈልገው የቱ ጋ እንደነበር በእርግጠኝነት ማሳየት አልችልም።

ማታውን ሁለተኛዎቹን ፎቶዎች ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። መጀመሪያ ያነሳችው የማዕድ ቤቱን ነው። አራቀችው፣ ወዲያው አቀረበችው።

«ከግራ ሁለተኛው ምድጃ የኔ ነው። እንዲያውም ያቺን ድንጋይ እኔ ነኝ ያስገባኋት፤ ድስቱ ይዘም ነበር» አለች። ከዚያ ማቆሚያ አልነበራትም። ቆጣሪው ሥር በጠመኔ መጻፍ ማን እንደጀመረ፣ በማን ሠርግ መተላለፊያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንኳን እንደሆነ፣ እትዬ ያመማቸው ለት ማን በጀርባው አዝሎ እንዳወጣቸው፤ ቃሬዛ በዚያ ጠባብ አይታጠፍም ነበር። እኔ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለን «ማን፣ የት፣ መቼ የሌለው ፎቶ ለጋዜጠኛ ምኑም አይደለም» ይሉን ነበርና በእያንዳንዱ ጀርባ ስምና ዓመት እሞላለሁ።

የመጨረሻው ሴትዮዋ ሲኒ የምትጠቀልልበት ነው። እናቴ ብዙ አየችው።

«ደኅና ሴት ትመስላለች። ስሟ ማነው?»

ዝም አልኩ።

«የልጇስ?»

እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ነው። ጀርባው ላይ «ዶሮ ማነቂያ፣ መጋቢት 2016 ዓ.ም.» የሚለውን ጽፌያለሁ፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው። እናቴ ሌላ አልጠየቀችኝም። ፎቶውን ወስዳ ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከፋሲካው ፎቶ ጎን አስገባችው። ለሴትዮዋ ያሳተምኩት ቅጂ በፖስታ እንደታሸገ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።