የቆመች መኪና ማርሽ

አባቴ ካረፉበት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቮልስዋገናቸው በግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። እናቴ «ትሸጥ» የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም። እኔ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር፣ በመምህር ደመወዝ መኪና ማስነሣት ቅንጦት ሆኖ ታየኝና ተውኳት። ዘንድሮ ግን እናቴ «ለሙት ዓመታቸው ቤተ ክርስቲያን በራሳቸው መኪና ውሰደኝ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር እምቢ አይባልም።

ባትሪ ተገዛ፣ ያረጀው ቤንዚን ተቀዳ፣ ሞተሩም ተነሣ። ማርሹ ግን አልገባም አለ፤ ኋላ ማርሽማ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ብቻ ነበር። የጠራነው መካኒክ ከመኪናዋ ሥር እንኳ ሳይገባ «ካምቢዮው አልቋል፤ ይውረድና በሌላ ይቀየር» ሲል ፈረደ። የጠየቀው ገንዘብ ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል።

ይህችን «ይውረድ» የምትል ቃል ከጋራዥ ውጪም አውቃታለሁ። የዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን ፕሮግራም ቀርቶ የዲግሪው ዘመን ሲያጥር አይቻለሁ፤ በ2012 ዓ.ም. ያው ፕሮግራም ሲመለስም አስተማሪ ነበርኩ። በሁለቱም ጊዜ የትኛው ቡሎን እንደላላ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ለማንኛውም ወደ መኪናዋ ልመለስ።

ሞተሩን አጥፍቼ ማርሾቹን አንድ በአንድ ሞከርኋቸው። ትንሽ ቢከብዱም ሁሉም ገቡ። ሞተሩ ሲነሣ ብቻ እምቢ ካሉ ጥፋቱ የካምቢዮው ሳይሆን የፍሪሲዮኑ ነው ማለት ነው፤ ፔዳሉ ቢረገጥም ዲስኩ ከቮላኖው አይላቀቅም። ፔዳሉ ሥራ ሳይጀምር ባዶውን መሄድ ያለበት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የእኛው ግን ግማሽ መንገድ ባዶውን ይወርድ ነበር። ሽቦውን ቀባሁት፤ ከካምቢዮው በስተግራ ባለው ባለክንፍ ዳዶም አጠበቅሁት። ተሻሻለ፤ አልዳነም። እርጥበት ዲስኩን በዝገት ከቮላኖው ጋር አጣብቆታል።

ሞተሩን አሙቄ አጠፋሁ። በሩን ከፍተን ከፊት ለፊት ሰውም መኪናም እንደሌለ ካረጋገጥን በኋላ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ አስነሣሁ። መኪናዋ እንደ በቅሎ ዘለለች። ነዳጅ ሰጥቼ፣ ድንገት ለቅቄ፣ ደግሜ ስሰጥ በሦስተኛው ሙከራ «ጧ!» ብሎ ተላቀቀ።

የቀረው ዘይቱ ነበር። ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ጥቁር ዝፍት ወጣ። (መሙያው ቡሎን መፈታቱን ሳታረጋግጡ ማፍሰሻውን አትፍቱ፤ አለዚያ ባዶ ካምቢዮ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።) ሻጩ ጂኤል-5 የሚባለውን «የተሻለ ነው» ብሎ ሊሰጠኝ ነበር። ነገር ግን በውስጡ ያለው ቅመም የማርሽ ማመሳሰያዎቹን ነሐስ ሊበላ ስለሚችል ለእንዲህ ያለ አሮጌ ካምቢዮ የሚስማማው ጂኤል-4 ነው። ተከራክሬ እሱኑ አስመጣሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ ያለውን ካምቢዮ በስህተት ማበላሸት የሚያዋጣ አይደለም።

በሙት ዓመቱ ማለዳ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ብርድ ስለነበረ ሁለተኛው ማርሽ ትንሽ አንገራገረ። ደንግጬ ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ተወው፣ ቀስ በል» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፤ «እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ሁለተኛውን እየለመኑ ነበር የሚያስገቡት።»