ገንዲን የሚችል በሬ

ከመቱ ወደ በደሌ ስትሄዱም ሆነ ከጎሬ ወደ ባሮ ቆላ ስትወርዱ የከብት ጨዋታ ከተነሳ ገንዲ መነሳቱ አይቀርም። የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ በሽታ በሬን በአንድ ጀንበር አይጥለውም። ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ እየበላ ይከሳል። ከዚያ በእርሻው ወራት፣ ቀንበር እንደተሸከመ፣ ትልሙ መሀል ይተኛል። አንድ ጥማድ ብቻ ላለው ገበሬ የዚያ ዓመት ምርጫው ወይ መቀናጆ መፈለግ ወይ መሬቱን ለእኩል መስጠት ነው።

መድኃኒት አለ። ግን ዲሚናዚንንና አይሶሜታሚዲየምን ተህዋሲው እየተላመዳቸው መጥቷል። ወጥመድም አለ፤ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ይወጠራል፣ ከሥሩ የከረመ የላም ሽንትና አሴቶን ይቀመጣል፣ ዝንቧ ሽታውን ተከትላ ትገባለች። በደሌ ያለው የቆላ ዝንብና ገንዲ ማዕከል ለዓመታት የለፋው በዚህ ነው። ክትትሉ ሲላላ ግን ዝንቧ ትመለሳለች።

ስለዚህ የዘረመል አርትዖት ነገር ሲነሳ ልቤ ይነሳሳል። በቆሏችንን የሚዘርፈው ዝንጀሮ እንደ አንዳንድ ዘመዶቹ ገንዲን የሚቋቋምበት ፕሮቲን በደሙ አለው፤ ከብት ግን የለውም። ናይሮቢ ዋና መሥሪያ ቤቱ፣ አዲስ አበባም ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ለከብት የመስጠት ሐሳብ ይዞ ሠርቷል። ለመንገድ ጠረጋ ቱማይኒ የተባለ የቦረና ኮርማ በክሎን ተወልዷል፤ ዘረመሉ ግን ገና አልገባበትም። አሜሪካ ደግሞ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ከባድ የቫይረስ በሽታ እንዳይዘው የታረመ አሳማ ፈቅዳለች። ነገሩ ሕልም አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በቤንች ሸኮ ምድር፣ ገንዲን ከሌላው ከብት በተሻለ የሚችል የሸኮ ዝርያ አለ። ማንም ላቦራቶሪ አልሠራውም፤ ከዝንቧ ጋር ለትውልድ ኖሮ ነው የቻላት። እሱ ግን ከሌላ ዝርያ ጋር እየተዳቀለ ቁጥሩ ተመናምኗል። አርታኢው መቀሱን ከማንሳቱ በፊት የሚያነበው መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ እኛ ያንን መጽሐፍ ሳናነበው ልናጣው ነው። ችሎታው በአንድ ዘረመል ብቻ የሚገለጽ ስላልሆነም ከጠፋ በኋላ ከዝንጀሮ ብቻ አንተካውም።

በመቱ ዩኒቨርሲቲ እንስሳት ሳይንስ የምትማሩ፣ በየወረዳው ግብርና የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ የሸኮን ኮርማ ፈልጉ፣ መዝግቡ፣ ባለቤቱ እንዳያኮላሸው ለምኑት።