ነገ ሞተር አይወጣም

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ስልኬ ይጮኻል። እንደኔው በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ጓደኛዬ ነው። «አየኸው?» ይላል፤ ከሥሩ የማስታወቂያ ፎቶ አለ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ እስከዚህ ቀን ድረስ በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ማሽከርከር ክልክል ነው። ምክንያቱ አንዴ በዓል ነው፣ ሌላ ጊዜ ጉባኤ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ለነገ የተቀበልኳቸው ዕቃዎች አሉ፤ ባለቤቶቹ ጋ እየደወልኩ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ቅዳሜ የሚጣል ዕቁብ አለ። ዕቁብ ደግሞ ጉባኤ ነው፣ በዓል ነው ብሎ አይዘልም። አከራዬም እንዲሁ።

ወዳጆቼ፣ ለሞተረኛ ብቻ ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። ታላቅ እህቴ ገርጂ ውስጥ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን የቀሟት በሞተር የመጡ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ ይነዳል፣ ከኋላ ያለው ይነጥቃል። እየጎተቱ ስለጣሏት ክንዷ ተጎድቶ ወር ሙሉ በሻሽ ታስሮ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ የሞተር ድምፅ ከኋላዋ ስትሰማ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ግንብ ትጠጋለች። የኔንም ሞተር ቢሆን።

በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ፣ ከተሰጡት ምክንያቶች ዋናው ይኸው ቅሚያና ወንጀል ነበር። የፖስታና የኤምባሲ ሞተሮችን የመሳሰሉ ጥቂቶች ብቻ ተፈቀደላቸው። ዜናውን የሰማነው ራት ላይ ነበርን። እህቴ «እሰይ! እግዜር ይስጣቸው» አለች። ወዲያው ደግሞ ቀና ብላ አየችኝና «አንተን አላልኩም እኮ፤ እነሱን ነው» አለችኝ።

እሷ ለይታናለች። እገዳው ግን ሊለየን አልቻለም።

ሞተሯን የገዛኋት ዕቁብ ሲደርሰኝ፣ የጎደለውን ከእህቴ ተበድሬ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ባትሪዋ ሞተ፣ ጎማዋ ተነፈሰ፣ እኔም በቀን ሥራ ወዲያ ወዲህ አልኩ። በኋላ ሥርዓት ሲበጅ ማኅበር ገባሁ፣ ጂፒኤስ አስገጠምኩ፣ አዲስ ታርጋ ለጠፍኩ፣ የተባልኩትን ሁሉ አሟላሁ። አልተማረርኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእንግዲህ እኔና ቀማኛው ተለየን ብዬ።

የዛሬው ጥያቄዬ የሚነሳውም ከዚሁ ነው። የት እንዳለሁ በጂፒኤስ የሚታወቅ፣ ማኅበሬ የሚታወቅ፣ ታርጋዬና መንጃ ፈቃዴ የተመዘገበ ሰው ከሆንኩ፣ የእገዳው ቀን ሲመጣ ታርጋ ከሌለው ሞተረኛ ጋር ለምን አብሬ እቆማለሁ? ያ ሁሉ ምዝገባ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቀን ካልሆነ መቼ ነው?

«ወንጀል የሚሠራው በሞተር ነው» ለሚሉኝ አንድ ነገር ላስታውስ። ሿሿ የሚሠራው በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። ስንቱ ወገኔ ደሞዙን ተሿሽቶ ባዶ ኪሱን ወርዷል። ፖሊስ ሿሿዎቹን ያድናል እንጂ ሚኒባስ ታክሲ በሙሉ ይቁም ሲባል አልሰማሁም። ልክም ነው፤ ቢቆም ሕዝቡ በምን ይሄዳል? የሞተረኛውም ጥያቄ ከዚህ አይዘልም፤ አጥፊው ይያዝ፣ ሠራተኛው ይሥራ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የሥራ መስክ የመሰማራት መብት እንዳለው ይናገራል። መብት ሲባል ገደብ የለውም ማለቴ አይደለም። የመሪዎች ጉባኤ ሲኖር ጥበቃ መጥበቁን ማንም ይረዳል። ግን መስቀል መስከረም 17 ነው፤ ጥምቀት ጥር 11 ነው። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚሰበሰቡት የካቲት ላይ ነው። ከዓመት በፊት የሚታወቅን ቀን፣ እንጀራችን ላይ የሚወስን ከሆነ፣ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት መንገር ምን ይከብዳል? እኔ ቀኑን ካወቅኩ ደንበኞቼን አስቀድሜ አስተናግዳለሁ፣ ለዕቁቤም ብር አስቀምጣለሁ። በዋዜማው ማታ ሲነገረኝ ግን የሚቀረኝ መበደር ብቻ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሌጎስ በ2020 እ.ኤ.አ. በበርካታ ወረዳዎቿ የሞተር ታክሲዎችን አገደች፤ በ2022 ደግሞ እንደገና ሌላ እገዳ አወጀች። አንዴ ታግዶ ያለቀ ነገር ቢሆን ሁለተኛው ባላስፈለገ። ኪጋሊ ግን ሞተሮቹን አስመዝግባ፣ ለተሳፋሪው ጭምር ሄልሜት አስይዛ ታሠራለች። እዚያም ቅሬታ አይጠፋም፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ሞተረኞች በታሪፍ መቁጠሪያው ጉዳይ ተቃውሞ አሰምተዋል። ጭቅጭቁ ግን እንዴት እንሥራ በሚለው ላይ ነው።

እኛ ሞተረኞችም እንተዛዘብ። የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ እናቶችን የሚያስደነግጥ አለ። ታርጋውን በጨርቅ የሚሸፍን አለ። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ሲያይ ብቻ የሚያጠልቅ አለ። ለእንዲህ ያለው ጓደኛ ዝም ባልን ቁጥር፣ የሁላችንንም ስም የሚያጠፋው እሱ ነው። ማኅበሮቻችን መዋጮ ከመሰብሰብ አልፈው የራሳቸውን አጥፊ ቢቀጡ፣ መንግሥት ፊት የምንናገርበት አፍ ይኖረናል።

ባለፈው የእገዳ ሰሞን እህቴ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ሞተሯ አጠገብ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። ምንም አላለችም። ከቦርሳዋ ብር አውጥታ እጄ ላይ አስጨበጠችኝና «ለዕቁብህ ነው፤ ስትሠራ ትመልሳለህ» ብላኝ ሄደች። በሞተረኛ የተቀማችው እሷ ናት፤ ሞተረኛውን የምትደጉመውም እሷው ሆነች።

ቀማኞቹ ግን እስካሁን አልተያዙም።