የአባቴ ኮምፓስና የምድር እምብርት

አባቴ በ1986 ዓ.ም. ሐጅ አድርገው ሲመለሱ፣ ከዘምዘሙና ከተምሩ ጋር አንዲት የነሐስ ኮምፓስ ይዘው መጡ። ክዳን አላት፤ የየከተማውን ቂብላ በቁጥር የሚያመለክት ትንሽ መጽሐፍም አብሯት አለ። ከዚያ ወዲህ በእኛ የኮልፌ ሰፈር ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ «ሐጂ፣ ቂብላውን ያሳዩን» እያለ ይመጣ ነበር። በ1998 ዓ.ም. እናቴ ወደ አኼራ ስትሄድም፣ በኮልፌ የሙስሊሞች መቃብር ቀብሯ ሲቆፈር፣ አባቴ ይህችኑ ኮምፓስ ከአፋፉ ላይ አስቀምጠው አቅጣጫውን በዓይናቸው አረጋግጠዋል።

ባለፈው ዓመት በጓሯችን አንዲት ክፍል ጨመርን። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ምሰሶዋ ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። መስገጃ ልናነጥፍ ስንል አባቴ ኮምፓሳቸውን አወጡ፤ በአራት ኪሎ ፊዚክስ የምታጠናው ልጄም ስልኳን አወጣች። ሁለቱ አልተስማሙም። ልዩነቱም የዋዛ አልነበረም፤ ስልኩ ወደ በሩ፣ ኮምፓሷ ወደ መስኮቱ አመለከቱ። ልጄ በወጣትነት ችኮላ፣ «አባባ፣ የማግኔት ሰሜን እኮ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፤ የእርስዎ ኮምፓስ ጊዜዋ አልፏል» አለቻቸው።

አባቴ መልስ አልሰጡም። ኮምፓሷን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስቱንም ወቅት መስጊድ እየሄዱ መስገድ ያዙ፤ ቤት ውስጥ ሱና እንኳ ሲሰግዱ አላየሁም። አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰሜኑ ከሄደ የእኔ የሠላሳ ዓመት ሶላትስ? እናትህስ ወዴት ዞራ ነው የተኛችው?» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን! የሰባ ስምንት ዓመት አባት እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመለሳል? እኔ የምመልሰው አልነበረኝም።

ነገሩን ለልጄ ስነግራት አለቀሰች። በሐሙስ ማታ ላፕቶፗን ይዛ ከአያቷ ጎን ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ ያን ቀን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩዎት፤ አሁን ልጨርሰው» አለች።

የከፈተችው ፓራቪው የሚባል፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። ሥራው የቁጥርን ክምር ወደ ሥዕል መለወጥ ነው። ምድር በስክሪኑ ላይ ታየች፤ ልጄም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ላዩዋን ገፈፈችላቸው። «ከኮልፌ እስከ መካ በቀጥታ ቢለካ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚያህል ሁለት ጊዜ ወደ ታች ቢወርዱ፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የቀለጠ ብረት ያገኛሉ» አለቻቸው። ይህ ብረት ከሥሩ በሚመጣ ሙቀት ይንፈቀፈቃል፤ ምድር ስትሽከረከርም ይጠማዘዛል። ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የምድርን ማግኔት ጠብቆ የሚያኖረውም ይኸው ኤሌክትሪክ ነው። በሥዕሉ ላይ ፍሰቱ በቀስቶች፣ ማግኔቱ በሰማያዊና በቢጫ ክሮች ይታያል። ክሮቹ ከምድር ውጭ ሥርዓት ይዘው ይታጠፋሉ፤ እምብርቱ ውስጥ ግን ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ናቸው። ጋሪ ግላትዝማየርና ፖል ሮበርትስ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1995 እንዲህ ያለውን እምብርት በሱፐር ኮምፒውተር አስልተው፣ ማግኔቱ በራሱ ጊዜ ሰሜንና ደቡቡን ሲገለብጥ አሳይተዋል። በእውነተኛይቱ ምድር እንዲህ ያለ መገልበጥ ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

አባቴ «ሱብሓነላህ!» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ይህን ማን ወርዶ ፎቶ አነሳው?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም አልወረደም፤ ሰው የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ ከ12 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ይህ ፎቶ አይደለም፤ ከመዝገብ የተሰላ ግምት ነው» አለች።

ከመዝገቡ አንዱ የእኛው ከተማ መዝገብ መሆኑን ያወቅሁት ያን ማታ ነው። በ1950 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲካሄድ፣ በአራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ሥራውን ያስጀመሩት ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። አዲስ አበባ ለምድር የማግኔት ወገብ ቅርብ ናት፤ በዋልታ አካባቢ ቀጥ ብላ ወደ መሬት የምትተከለው መርፌ በእኛ ዘንድ አግድም ልትተኛ ምንም አይቀራትም። ስለዚህ የዚህ ቦታ ልኬት በሌላ የሚተካ አይደለም። በመጀመሪያው ዘመን የመርፌዎቹን እንቅስቃሴ ብርሃን በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጽፈው ነበር፤ በኋላ በቁጥር መመዝገብ ጀመረ። «እኔ እኮ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ በዚያ በር ስንቴ አልፌአለሁ!» አሉ አባቴ።

ከቁጥር ወደ ሥዕል የሚወስደው መንገድ ግን አጭር አይደለም። በቀን፣ በተለይም ወደ እኩለ ቀን፣ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ የማግኔት ወገብን ተከትሎ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ የአራት ኪሎውን ልኬትም ከፍ ያደርገዋል። የእምብርቱን ድምፅ ለመስማት ይህን ጩኸት መቀነስ ያስፈልጋል። ጸጥ ያሉ ሌሊቶች ይመረጣሉ፣ የዓመታት አማካይ ይወሰዳል፣ የሌሎች አገሮች ጣቢያዎችና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የመጠቁት የአውሮፓ ሦስት የስዋርም ሳተላይቶች ልኬት ይጨመራል። ከዚያ ፕሮግራሙ መስኩን ወደ ታች እስከ እምብርቱ ገጽ ያሰላዋል። ፍሰቱን የሚገምተውም፣ እኛ ወንዝ ላይ የወደቀ ቅጠል አይተን የውሃውን አካሄድ እንደምናውቀው ነው፤ የማግኔቱ ጠገጎች ከዓመት ዓመት ወዴት እንደተጓዙ አይቶ። ብረቱ በዓመት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይሁን እንጂ አንድን ለውጥ የሚያስከትሉ ፍሰቶች ከአንድ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሊቃውንቱም ለመምረጥ የራሳቸውን ግምት ይጨምራሉ። ልጄ ይህንንም አልሸሸገችም። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ይታመናል» አሉ።

ታዲያ ሰሜኑ ሄዷል? አዎን፣ ሄዷል። የሰሜኑ የማግኔት ዋልታ በዚህ ምዕተ ዓመት መግቢያ በዓመት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ፍጥነቱ ቀንሷል። ስልኮች የሚጠቀሙበት የዓለም የማግኔት ሞዴል በየአምስት ዓመቱ የሚታደሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2019ም ጊዜው ሳይደርስ የታረመው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ዋልታው ሩቅ ነው፤ እዚህ በእኛ ከተማ የመርፌዋ አቅጣጫ ከአባቴ ሐጅ ወዲህ የተለወጠው በጥቂቱ ነው። ከአዲስ አበባ ቂብላ ከእውነተኛው ሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ነው፤ መርፌዋም ዛሬ ጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። የበርና የመስኮት ልዩነት ከእምብርቱ ሊመጣ አይችልም።

«ታዲያ ከየት መጣ?» አልኩ።

«ከፌሮው፣ ከቆርቆሮውና ከእኔ ስልክ ሽፋን! ሽፋኑ ማግኔት አለው» አለች፤ አባቴ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። 2,900 ኪሎ ሜትር ታች ያለው የብረት ባሕር የሚልከውን መልእክት፣ ክንድ የማይርቅ ፌሮ ይሸፍነዋል ማለት ነው።

ቀደምት የሙስሊም ሊቃውንት ለቂብላ መርፌን ብቻ አልተደገፉም። አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1025 በፈጸመው መጽሐፉ የጋዝና ከተማን ቂብላ በሒሳብ አስልቷል፤ የየመኑ አል-አሽረፍ ደግሞ በ1290 ገደማ ስለ ኮምፓስና ቂብላ ጽፏል። ማንም ቤተሰብ ሊሞክረው የሚችል ሌላም መንገድ አለ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በካዕባ አናት ላይ ትቆማለች፦ ግንቦት 19 እና 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ ሐምሌ 8 እና 9 ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ ከተተከለ እንጨት ጥላ ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚወስደው መስመር ቂብላ ነው። ፌሮ አያስተው፣ የምድር እምብርት አይለውጠው። በሐምሌ ደመናው ስለማያስተማምን ለእኛ ግንቦት ይሻላል።

እኛም ግንቦት 20 ቀን በግቢያችን መካከል እንጨት ተከልን። አባቴ ኮምፓሳቸውን ከቆርቆሮው አርቀው ከጥላው ጎን አስቀመጡ። ልጄም የስልኳን ሽፋን አውልቃ አጠገቧ አኖረች። ሦስቱ ተቀራረቡ፤ የነበረው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቴና እኔ ወደ ኮልፌ መቃብር ሄድን። ከብረት በሩ ርቀን ከእናቴ ቀብር ደረስን። አባቴ ኮምፓሷን በአፈሩ ላይ አስቀምጠው፣ መርፌዋ እስክትረጋ ጠበቁ። ብዙ ዑለማእ ከካዕባ ርቆ ላለ ሰው አቅጣጫውን መያዝ እንደሚበቃው መናገራቸውን የሰፈራችን ኢማም አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። ቢሆንም በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። አዩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ወደዚያው ናት» አሉና ክዳኗን ዘጉ፤ እጃቸውንም ለዱዓ ከፈቱ።

ከመቃብሩ ስንወጣ፣ «ያቺ ልጅ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ» አሉኝ። ያን ቀን መግሪብን በአዲሲቱ ክፍል አሰገዱን። አላህ እውቀቷን የሚጠቅም ያድርግላት፤ የአባቶቻችንንም ሶላት ይቀበልልን። አሚን።