ሳይለካ አይገዛም

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ጊዳ አያና

በጋው ከርሯል። ከመንገዱ የሚነሳው ቀይ አቧራ በር ቢዘጋም ኮምፒውተር የምጠግንበት ሱቅ ውስጥ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ መሥራት ይከብዳል። ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጌም ቤት ባለቤት ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። «ጋሼ፣ ትልቁ ኮምፒውተር ጂቲኤ ሲከፈት ደህና ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ይንቀራፈፋል። ልጆቹ ብራችንን መልስ እያሉኝ ነው» አለኝ። አንድ ዘመዱ ግራፊክስ ካርዱ ስላረጀ ቀይረው ብሎታል። ለካርድ መግዣ ያሰበው ብር ደግሞ ለቤት ኪራይ ያስቀመጠው ነው።

ካርድ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነቀምቴ ይገባል፤ ከዚያ በሌላ መኪና ተጭኖ ወደ እኛ ይመጣል። ችግሩ ከካርዱ ካልሆነ የወጣው ብር ወጥቶ ቀረ ማለት ነው። «ብሩን እንዳትነካው፤ መጀመሪያ እንለካ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ደንበኛ ሳይበዛ በጠዋት ሄድኩ። ማሽኑ ቀድሞ የቢሮ ኮምፒውተር የነበረ ነው። ኢንቴል ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋ ራም አለው፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ በኋላ ተጨምሮበታል። ካርዱ ከ75 ዋት ስለማይበልጥ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ የኃይል ገመድ አያስፈልገውም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካ ይበቃዋል። አሮጌ የቢሮ ማሽንን ወደ ጌም ማሽን የሚለውጡ ሰዎች የሚመርጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ጂቲኤ 5ን ለማጫወት ይህ ሁሉ አያንስም።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኜ የፍሬም ብዛት፣ ሙቀትና የሥራ መጠን በስክሪኑ ጥግ እንዲታዩ አደረግሁ። መጀመሪያ በሰከንድ 60 ፍሬም ነበር፤ አንዱ ምስል በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ጌሙ ሞቅ እያለ ሲሄድ ቁጥሩ ድንገት ወደ 25 ወረደ። እያንዳንዱ ምስል 40 ሚሊ ሰከንድ ሲፈጅ መኪናው በስክሪኑ ላይ እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ መሪው ከጣት ወደኋላ ይቀራል።

ዓይኔን ያሳረፍኩት ግን ሌሎቹ ቁጥሮች ላይ ነው። የካርዱ ሙቀት 68 ዲግሪ ነው፤ ምንም አልሆነም። የሥራ መጠኑ ከ95 በመቶ ወደ 40 ወርዷል። ካርዱ አቅም አንሶት ቢሆን ኖሮ እስከ ጥግ ሲሠራ እናየው ነበር፤ እሱ ግን ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪን አልፎ ፍጥነቱን ከ3.4 ወደ 1.6 ጊጋኸርዝ አውርዶታል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እንዳይቃጠል ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ይህ በፋብሪካ የተሠራለት መከላከያ ነው። ቁጥሮቹን ለባለቤቱ አንድ በአንድ አሳየሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ማታ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ መብራቱስ? የሚብሰው እኮ ማታ ነው» አለ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። ሶኬቱ 220 ቮልት መስጠት ሲገባው 185 ነበር። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚሠራ ተጽፏል። እንዲህ ዓይነቱ ፓወር ሰፕላይ የሚገባው ኃይል ዝቅ ቢልም ለማዘርቦርዱ ያንኑ 12 ቮልት ይሰጣል። መብራቱ ከልክ በታች ሲወርድ ማሽኑ ይጠፋል ወይም እንደገና ይነሳል እንጂ ጌሙ ቀስ አይልም።

ታዲያ ማታ ለምን ይብሳል? ቀና ብዬ የግድግዳውን ቬንትሌተር ሳየው ክንፎቹ አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ድረስ ቀስ ብሎ ይዞራል። እሱ እንደ ኮምፒውተሩ ኃይል የሚያስተካክልለት ነገር ስለሌለው ቮልቱ ሲወርድ ይደክማል። ቤቱ ደግሞ በልጆችና በስክሪኖች ተሞልቷል። አየሩ ይሞቃል፤ ማሽኑም የሚስበው ይህንኑ የሞቀ አየር ነው። መብራቱ እጁ አለበት፤ የሚመጣው ግን በሙቀት በኩል ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ዛሬ ማሽኑን ነቅለን ውጭ ዛፍ ሥር አወጣነው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የተረፈው ኃይል እንዲወጣ የማስነሻ ቁልፉን ተጫንኩ። የፕሮሰሰሩ ፋን ሲነሳ ከሥሩ ያለው ሙቀት አስወጪ የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ አልታይ አለ። ቀይ አቧራና የልብስ ብናኝ ተጋግረው በቅጠሎቹ መካከል ያለውን የአየር መተላለፊያ በሙሉ ደፍነውታል። ፋኑ ሲዞር ቢውልም አየሩ መግቢያ አልነበረውም። ኬዙ መሬት ላይ፣ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው።

ባለቤቱ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዞ ጠረገ፤ እኔ በብሎወር ነፋሁ። ሲነፋ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ከተተወ ከልክ በላይ ይዞርና መሸከሚያው ሊበላሽ ይችላል፤ ወደ ቦርዱም ኃይል ሊልክ ይችላል። በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ በጥፍር ሲነካ እንደ ኖራ ይፈረፍራል። በአልኮል ጠርገን፣ በደንብ አድርቀን፣ መሐሉ ላይ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አደረግንበትና ብሎኖቹን በሰያፍ እያቀያየርን አጠበቅን።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ሄጄ አየሁ። ፕሮሰሰሩ 74 ዲግሪ፣ ፍሬሙ 60 ላይ። ልጆቹ ቁጥሩን መከታተል ጀምረዋል፤ አንዱ ትንሽ ልጅ «ጋሼ፣ 80 ከገባ እንነግርሃለን» አለኝ። ደስ አለኝ። ለእነዚህ ልጆች ኮምፒውተር ምን እንደሚያስብና ምን እንደሚያሞቀው የሚያዩበት ቦታ ይህ ቤት ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አንድ ነቀምቴ የሚማር ልጅ ላፕቶፑን አመጣ፤ ምልክቱ ያው የፍሬም መውረድ ነው። ሙቀቱ ደህና ሆኖ ሳለ ጌም ሲከፈት ፍጥነቱ ወዲያው ይወርዳል። ቻርጀሩን ገልብጬ አነበብኩት፤ 65 ዋት ይላል። ላፕቶፑ የሚፈልገው 150 ዋት ነው። የራሱ ሲጠፋበት ከጓደኛው ተውሶ ነበር። ላፕቶፕ በቂ ኃይል ሳያገኝ ሲቀር ሥራውን ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ ጽዳትም ፔስትም አይረዳም። ትክክለኛውን ቻርጀር እንዲፈልግ ዋቱንና የቮልቱን ቁጥር ጽፌ ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የጌም ቤቱ ማሽን አሁንም አንድ ነገር ይቀረዋል። ጂቲኤ ላይ መኪና በፍጥነት ሲነዳ ለአፍታ ይቆምና ይቀጥላል። ይህ እንደ በፊቱ ወርዶ የሚቀር አይደለም። ታስክ ማናጀርን ከፍተን ስናይ በቆመ ቁጥር ሃርድ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ይወጣል፤ ቀጣዩን ሰፈር አንብቦ እስኪያደርስ ጌሙ ይጠብቀዋል። የዚህ መፍትሔ ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ነው፤ ዋጋው ከካርዱ በብዙ ያንሳል። ባለቤቱ ኪራዩን ከፍሏል፤ ሰኞ ነቀምቴ ለሚወርድ ሹፌር ለኤስኤስዲው ብር ይልካል።

ግድግዳው ላይም በእጁ ጽፎ የለጠፈው አለ፦ ማሽን ከመሬት ከፍ ይበል፤ በበጋ በየወሩ ይጠረግ፤ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ የካርዱ የሥራ መጠን፣ ቀጥሎ ዲስኩ ይታይ። ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ እኛ ባለ ከተማ፣ መለዋወጫ ሩቅ፣ ብርም በላብ በሚገኝበት፣ ከዚህ የሚበልጥ የጥገና ትምህርት አላውቅም።