የእናቷ ጉዳይ

ላንቻ ላይ ቆሞ የደብረ ዘይትን መንገድ የሚመለከት ሰው አንዳንድ ጠዋት ሰንጋ የጫነ አይሱዙ ማየቱ አይቀርም። ወደ ቄራ ነው ጉዞው። መኪናው መለዋወጫ ሱቆቹ ፊት መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም ቀንዶቹ ከእንጨቱ በላይ ብቅ ይላሉ። እኔ መልኩንና ሻኛውን እያየሁ ቦረናውን ከአርሲው ለመለየት እሞክራለሁ። ነጋዴው የሚያየው ሥጋውን ነው። ሰንጋው ከማን እንደተወለደ የሚጠይቅ የለም።

በዚሁ መንገድ ቁልቁል ወርደው ቃሊቲ ሲደርሱ ግን ትልቁ ጥያቄ አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ብሔራዊው የሰው ሰራሽ ማዳቀያ ማዕከል የተቋቋመው እዚያ ነው። ከተመረጡ ኮርማዎች የሚሰበሰበው አባላዘር በቀጫጭን ቱቦዎች ተሞልቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ኮርማው ከሞተ በኋላም ልጆች ይወለዱለታል። ከላንቻ በባቡሩ ወደ ቃሊቲ ስሄድ ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ከአንዱ መንገድ ግራና ቀኝ የከብት መጨረሻም መጀመሪያም አለ።

ለእናት ያን ያህል አልተጨነቅንም። "እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ" የሚል ሕዝብ፣ ላሟ ላይ ሲደርስ የኮርማውን ዘር ብቻ ይጠይቃል። ምርጥ ላም ብትኖረን እንኳ እርግዝናዋ ዘጠኝ ወር ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅ በዓመት ከአንድ ጥጃ በላይ አናገኝባትም።

ጽንስ ማዛወር ይህን ገደብ ይሰብረዋል። ምርጧ ላም ብዙ እንቁላል እንድትለቅ ሆርሞን ትወጋለች፤ ከዚያ ትዳቀላለች። በ7ኛው ቀን ገደማ ጽንሶቹ ከማህፀኗ በፈሳሽ ታጥበው ይወጡና ተራ ላሞች ማህፀን ውስጥ ይገባሉ። ተራዋ ላም ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች፤ ጥጃው ግን የምርጧ ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ጥጃ እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሲወለድ ጽንሱ የተወሰደው ከታረደች ላም ነበር። የቄራ ጎረቤት ሆኖ ይህን ማሰብ ያስገርማል።

በእኛም አገር ቢሾፍቱ ያሉ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች በቦረናና በቦረና ዲቃላ ላሞች ላይ ሠርተውበታል። ወደፊት ሲሰፋ በፈረንጅ ላም ብቻ እንዳይጀመር እመኛለሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋም አስተዳደር በኩል 300 ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ከመጡ ወዲህ ዓይናችን ውጭ ውጭውን ሲያይ ኖሯል። ወተቱ ጨምሯል፤ አልክድም። ነገር ግን ጣና ዳር ረግረጉንና ዝንቡን ችላ የምትኖረው የፎገራ ላም ከሌሎች ዘሮች ጋር እየተቀላቀለች እየሳሳች ነው። ይህ ዘዴ ከማንም በፊት ለእሷ ይገባል።

ሆኖም ሆርሞኑም ናይትሮጅኑም የሚንጠለጠሉት በአንድ ሰው ዓይን ላይ ነው። የተሸካሚዋ ላም ኮርማ የመፈለጊያ ቀን ከምርጧ ጋር ካልገጠመ ጽንሱ አይይዝም። ተራው ማዳቀልም እንዲሁ ነው። ኮርማ ስትፈልግ ላሟ ታገሣለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ዝልግልግ ፈሳሽ ይታያል፤ ከሁሉ በላይ ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ትቆማለች። ይህ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም፤ ብዙውን ጊዜም ሌሊት ነው። ጠዋት የታየች ማታ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ካመለጠች እስከ 21 ቀን ድረስ ሌላ ዕድል የለም፤ መኖው ግን በየቀኑ ይበላል። ምልክቱን የምታየው ብዙ ጊዜ የምታልባት እናት ናት። አይታ ስትደውል እሑድ ወይም በዓል ከሆነ አዳቃዩ አይገኝም።

ስለዚህ አዳቃዮችን የምታሰማሩ ሁሉ፣ ላም እሑድን ከማክሰኞ አትለይምና ለበዓል ቀን ተረኛ መድቡ፤ አበሉንም ክፈሉት። ላም ያላችሁም በጠዋትና በማታ ተመልከቷት፣ ያያችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ጥጃ ሲወለድ ከኮርማው ቁጥር ጎን የእናቱን ስምና የወተቷን ልክ አስፍሩ።