«መጥፎው የቱ ነው?»
ከኒውዮርክ የቴኒስ መንደር የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ኒውዮርክ ውስጥ ኩዊንስ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ፍላሺንግ ሜዶውስ የተሰኘ ሰፊ መናፈሻ አለ። ከማንሃታን ተነስቶ በሰባት ቁጥር ባቡር ለሚሄድ ሰው መንገዱ ራሱ ብዙ ያሳያል። ባቡሩ ኩዊንስ ሲደርስ ከመሬት በታች ይወጣና እንደ ድልድይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ፣ ከሱቆቹ ጣሪያ ከፍ ብሎ ይሮጣል። በአንዱ ጣቢያ ሳሪ የለበሱ እናቶች፣ በሌላው ስፓኒሽ የሚያወሩ ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ደግሞ የቻይና አዛውንቶች ይሳፈራሉ። ሜትስ ዊሌትስ ፖይንት ላይ ወርደው የእንጨቱን መተላለፊያ ሲሻገሩ፣ ከዛፎቹ በላይ ከብረት የተሠራ ግዙፍ የዓለም ሉል ይታያል። ዩኒስፊር ይሉታል። እዚያው መናፈሻ ውስጥ በ1964 ለተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ከ40 ሜትር ይበልጣል። (የእኛን አቆጣጠር ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ከሉሉ ማዶ ያለው ግቢ በየዓመቱ ከነሐሴ ማገባደጃ እስከ ጳጉሜን፣ አንዳንዴም እስከ መስከረም መባቻ ድረስ፣ ዩኤስ ኦፕን የተባለው ታላቅ የቴኒስ ውድድር የሚካሄድበት ነው። ልጄ ሜሪላንድ ስለምትኖር ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። የ10 ዓመቱ የልጅ ልጄ ቴኒስ ይማራል። ከዋናው ውድድር በፊት ባለው ሳምንት የማጣሪያ ጨዋታዎችን በነጻ ማየት ስለሚቻል፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሦስታችን በአውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን።

ውድድሩ ወደዚህ ሥፍራ የተዛወረው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ኩዊንስ፣ ፎረስት ሂልስ በሚባል ክለብ ውስጥ ይካሄድ ነበር። ከክለብ ወጥቶ ወደ ሕዝብ መናፈሻ ሲመጣ የተመልካቹም ጠባይ አብሮ ተለወጠ ይባላል። ዋናው ስታዲየም በ1997 የተከፈተ ሲሆን፣ ከ23 ሺህ በላይ ሰው ስለሚይዝ በዓለም ትልቁ የቴኒስ ስታዲየም ነው። ለንደን ዊምብልደን ላይ ተጫዋቹ ኳስ ሊመታ ሲል ተመልካች ትንፋሹን ይውጣል። እዚህ ግን ሰው ይበላል፣ ይጠራራል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ማታ በመብራት ሲጫወቱማ የሰርግ ድንኳን ይመስላል።

አክተሩ አይሞትም

እኛ ያየነው ትልቁን ስታዲየም ሳይሆን ከጎን ያሉትን ትንንሽ ሜዳዎች ነው። ለልጅ እነርሱ ይሻላሉ። ከተጫዋቹ ጋር ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ሲያለከልክ ይሰማል፣ ጫማው ሲፋቅ ይሰማል፣ ለራሱ የሚያጉረመርመውም ይሰማል።

በአንዱ ሜዳ ሁለት ወጣቶች ይጫወቱ ነበር። የሁለቱንም ስም ከመጣን በኋላ ነው ከሰሌዳው ላይ ያነበብነው። አንደኛው ነጥብ ሲያመልጠው ተናድዶ ኳሷን ወደ ሰማይ መታት፤ ከአጥሩ ውጪ ወደቀች። ዳኛው አስጠነቀቁት። ነገሩ በዚያ ማብቃት ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው አፏጨበት፣ ሌላው «ቡ…» አለ፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ኳስ በሳተ ቁጥር ጭብጨባ ሆነ። ከሩብ ሰዓት በፊት ማንነቱን የማያውቅ ሰው ሁሉ አሁን ጠላቱ ሆነ።

የልጅ ልጄ ከእናቱ ጋር ሎሚናት ሊገዛ ሄዶ ስለነበር ይህን አላየም። ተመልሶ አጠገቤ እንደ ተቀመጠ ነጥቡ ስንት ነው አላለኝም።

«እማዬ፣ መጥፎው የቱ ነው?» አለኝ።

በእኛ ዕድሜ ያላችሁ አንባብያን ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ሲኒማ ራስ ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ የህንድ ፊልም ልናይ ስንገባ፣ አርፍዶ የመጣ ሰው በጨለማ ወንበሩን እየዳበሰ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ነበር። አክተሩ ከታወቀ ሌላው ነገር ቀላል ነው። አክተሩ አይሞትም፤ አክተሩ ቢመታም ትክክል ነው፤ ሌላው ግን ቢወድቅ እሰየው ነው። ፊልሙን የጻፈው ሰው ነገሩን አስቀድሞ ስለወሰነልን ምንም ኃጢአት አልነበረበትም። ሜዳው ላይ ያለው ልጅ ግን ከአንድ እናት የተወለደ ሰው ነው።

«ጸጉሩን ያሰረው 4 ለ 2 እየመራ ነው» ብዬ መለስኩለት።

የተጮኸበት ተሸነፈ። ከባላጋራውና ከዳኛው ጋር ተጨባብጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፎጣ በራሱ ላይ ጣለ። ማጣሪያ የተሸነፈ ሰው ዋናውን ውድድር አያይም፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ መጣበት ነው። ሰዉ ወደ ሌላ ሜዳ ፈሰሰ፤ እሱ ግን እንደ ተቀመጠ ቀረ። የልጅ ልጄ «ለምን አይሄድም?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም።

ሜዳው የሚያስታውሳቸው

ይህ ግቢ በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ አለው። ገና ሁለተኛ ዓመቱ ሳለ፣ በ1979 አንድ ምሽት፣ የዚያው የኩዊንስ ልጅ የሆነው ጆን ማከንሮ ከሮማኒያዊው ኢሊ ናስታሴ ጋር ተጋጠመ። ሁለቱም በዳኛ ላይ በመጮህ የታወቁ ነበሩ። ናስታሴ ጨዋታውን እያጓተተ ሲከራከር ዳኛው ከጨዋታ አስወጡት። ሕዝቡ እቃ ወረወረ፣ ፖሊስ ሜዳ ገባ፣ በመጨረሻም ናስታሴ እንዲመለስ ተደርጎ የተነሡት ዳኛው ሆኑ። ማከንሮ አሸነፈ፤ ግን የዚያን ሌሊት ትምህርት ጩኸት ፍርድ ሊገለብጥ እንደሚችል ነው።

በ1991 ደግሞ ጂሚ ኮነርስ 39ኛ ዓመት ልደቱን እዚሁ ሜዳ ላይ አከበረ። በወጣትነቱ ባለጌ ነው ተብሎ ብዙ የተጮኸበት ሰው ነው። ያን ዕለት 24 ዓመት ከሆነው አሮን ክሪክስታይን ጋር ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ታግሎ አሸነፈ። በመሐል ዳኛውን ለልጅ በማይነገር ቃል ሰደበ። ሕዝቡ ግን አጨበጨበለት። ሽማግሌው ሊሸነፍ አይገባም ብሎ ወስኖ ስለነበር ስድቡ እንደ ወኔ ተቆጠረለት። ክሪክስታይን አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር የመጥፎውን ቦታ ይዞ ወጣ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሩሲያዊው ዳኒል ሜድቬዴቭ ነው። እንደ እኛ አቆጣጠር ነሐሴ 24 ቀን 2011 በሦስተኛው ዙር ጨዋታ ኳስ ከሚያቀብለው ልጅ እጅ ፎጣ መነጨቀ፤ ቆይቶም ጸያፍ የጣት ምልክት አሳየ። ምልክቱ በትልቁ ስክሪን ታየና ሜዳው ተናጋ። ሜድቬዴቭ አልደነገጠም፤ ሲያሸንፍ እጁን ዘርግቶ፣ ያሸነፍኩት በእናንተ ጩኸት ነው፣ ማታ ስትተኙ ይህን አስቡ የሚል ንግግር አደረገ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ግን፣ በጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት፣ በፍጻሜው ከራፋኤል ናዳል ጋር ሁለት ዙር ተመርቶ ሁለት ዙር ሲያስመልስ፣ ያው ሕዝብ ስሙን እየጠራ ቆሞ አጨበጨበለት። በአምስተኛው ዙር ተሸነፈ። በሽልማቱ ሰዓትም፣ ያን ጊዜ በክፉ የተናገርኩትን አሁን በበጎ እደግመዋለሁ፣ እዚህ ያደረሳችሁኝ እናንተ ናችሁ አላቸው።

ፎጣ ከልጅ እጅ መንጠቅ ነውር ነው፤ ተቀጥቶበታልም። ነገር ግን ሰው በዘጠኝ ቀን ከሰይጣንነት ወደ መልአክነት አይለወጥም። በመጀመሪያው ምሽት ሕዝቡ የሚጮህበት ሰው ፈለገ፣ በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ጨዋታው ቶሎ እንዳያልቅበት ፈለገ። ሁለቱንም ያገኘው ከአንዱ ሰው ነው።

ፎጣ ውስጥ የሚለቀስ ለቅሶ

ጩኸቱ የሚያርፍበት ሰው ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነው። ከሜድቬዴቭ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እንደ አጋጣሚ በዚያው በጳጉሜን 3፣ የ20 ዓመቷ ናኦሚ ኦሳካ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታደንቃት ከኖረችው ከሴሬና ዊልያምስ ጋር በፍጻሜው ተገናኘች። ሴሬና ከዳኛው ጋር ተጣልታ በተከታታይ ተቀጣች፤ ሕዝቡም በዳኛው ላይ ተነሣ። ኦሳካ 6 ለ 2 እና 6 ለ 4 አሸንፋ ለሽልማት ስትቆም «ቡ…» የሚለው ጩኸት አልቆመም ነበር። በእሷ ላይ አልነበረም ይሆናል፤ የወደቀው ግን በእሷ ላይ ነው። የቆቧን ጥላ ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለቀሰች። ሴሬና አቅፋት ሕዝቡ ጩኸቱን እንዲተው ለመነች።

ነገሩ የኒውዮርክ ብቻ አይደለም። በ1999 ፓሪስ ላይ የ18 ዓመቷ ማርቲና ሂንጊስ ሕዝቡ ከሚወዳት ከስቴፊ ግራፍ ጋር ለፍጻሜ ቀረበች። ኳስ ያረፈበትን ምልክት ለመከራከር መረቡን ተሻግራ ሄደች። ይህ ደንብ መጣስ ነው፤ ተቀጣችበት። ከዚያ በኋላ ሜዳው በሙሉ ጠላት ሆነባት። ተሸንፋ እያለቀሰች ከሜዳ ወጣች። ለሽልማቱ ደግፋ ይዛ የመለሰቻት አሠልጣኟም የሆነችው እናቷ ናት። እናቶች ይህን ምስል ካገኛችሁት ተመልከቱት። ብዙ ሺህ ሰው በጮኸበት ቀን ያቺ እናት ስለ መስመሩ አልተከራከረችም፤ ልጇን ይዛ ገባች።

ሰርቢያዊው ኖቫክ ጆኮቪችም ለዓመታት ሕዝቡ በፌዴረርና በናዳል መካከል እንደ ገባ ጣልቃ ገብ አይቶታል። ሕዝቡ «ሮጀር» ብሎ ሲጮህ እኔ «ኖቫክ» እንዳለ አድርጌ እሰማዋለሁ ብሎ ተናግሮ ያውቃል። በ2021፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ በዚህ ሜዳ በፍጻሜው በሜድቬዴቭ እየተሸነፈ ሳለ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ልቡ ከጎኑ ቆመ። 34 ዓመት የሞላው ሰውዬ በዕረፍቱ መሐል ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ።

በአልጋ ላይ የሚለጠፍ ስም

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ። ተረኛ ለተረኛ ስንረካከብ ከመድኃኒቱና ከሙቀት ልኬቱ ጋር አብሮ የሚተላለፍ ነገር ነበር። «አልጋ 7 ጨዋ ናቸው፤ አልጋ 9 አስቸጋሪ ናቸው» ይባላል። በአንድ ሆስፒታል እንዲህ «ጩኸታም» የተባሉ አባት ስማቸው ከተረኛ ወደ ተረኛ ሲሻገር ቆየ። አንዲት አንጋፋ ነርስ ግን ብርድ ልብሱን ገልጣ ሆዳቸውን ዳሰሰች። ፊኛቸው በሽንት ተወጥሮ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሽንቱ በቱቦ ሲወጣላቸው ሰውየው መርቀዋት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስሙ ጩኸቱን አስረዳ ተብሎ ስለታመነ ማንም ሆዳቸውን አላየም ነበር።

ስለዚህ ነው ስታዲየሙ በአርተር አሽ ስም መጠራቱ የሚያስደስተኝ። አሽ በ1968 የዩኤስ ኦፕንን፣ በ1975 ዊምብልደንን ያሸነፈ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በልጅነቱ ያሠለጠኑት ቨርጂኒያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሮበርት ጆንሰን ሲሆኑ፣ ቀደም ብለው አልቲያ ጊብሰንንም ያሳደጉ ናቸው። ዶክተሩ ልጆቹን፣ ኳሷ ከመስመር በጥቂቱ ብትወጣም እንደ ገባች ቆጥራችሁ ምቱ፣ ከዳኛ ጋር አትከራከሩ ይሏቸው ነበር። ነጮች ብቻ በሚጫወቱበት ሜዳ ጥቁር ልጅ ገና አፉን ሳይከፍት መጥፎው እሱ ነው ተብሎ ይጠበቅ ነበርና። ኮነርስ የተጨበጨበለትን ስድብ አሽ ቢናገረው ኖሮ ሜዳውን ዳግመኛ አያየውም ነበር።

አሽ በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ በተሰጠው ደም ኤችአይቪ ያዘው። በ1992 አንድ ጋዜጣ ሊያወጣበት መሆኑን ሲያውቅ ራሱ ወጥቶ ተናገረ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ49 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያን ዘመን እኛ አገር ዋርድ ውስጥ የነበራችሁ ባልደረቦቼ ታስታውሳላችሁ። ሕመምተኛው ምን እንደሚያሳምመው ሳይሆን ምን አድርጎ እንደያዘው ነበር የሚጠየቀው። እዚያም ሰው መጥፎውን ይፈልግ ነበር።

ለምትሄዱና ቤት ሆናችሁ ለምታዩ

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የማጣሪያውን ሳምንት ምረጡ። የነሐሴ ፀሐይ እዚያ አናት ይበሳልና ባርኔጣና ውኃ አትርሱ፤ ጠዋት በጊዜ ግቡ። በ2019 የቆመውን የአልቲያ ጊብሰንን የግራኒት ሐውልት አሳዩአቸው፤ ውድድሩን በ1957 እና በ1958 ያሸነፈች ሴት ናት።

ቤት ሆናችሁ የምታዩም አትጩሁ አልልም። የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ በአንድ ሶፋ ላይ በሚቀመጥበት አገር ይህን ብል ማንም አይሰማኝም። ደግፉ፣ ተናደዱ። ልጁ «መጥፎው የቱ ነው?» ካለ ግን ነጥቡን ንገሩት። አንዱ ጥፋት ከሠራ ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፦ ኳስ ወረወረ፣ ፎጣ ነጠቀ፣ ዳኛ ሰደበ። የምትወዱት ሲያደርገውም ያንኑ ቃል ተጠቀሙ። ልጆቻችን እኛ ወንድማቸውንና እኅታቸውን ስንጠራ የምንጠቀምበትን ቃል ከዚህ አይለዩትም።

ጨዋታው ሲያልቅም ቴሌቪዥኑን ቶሎ አትዝጉት። ካሜራው ወደ አሸናፊው ቢሄድም ተሸናፊው በጥግ በኩል ይታያል። ራኬቱን ሸክፎ፣ ሻንጣውን በትከሻው አንግቦ እስኪወጣ ድረስ ከልጆቹ ጋር አብራችሁ ተመልከቱት።

ቸር እንሰንብት።